ከዩቲዩብ በፊት ቪዲዮን በኢንተርኔት ማድረስ፦ ሂሳቡን ማን ይከፍል ነበር?

የፊልም ታሪክ የሚያጠኑ አንድ አንባቢ የሚከተለውን ጠይቀዋል። «በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋጋው የቀነሰ ዲጂታል ካሜራ ነበር፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የቅንብር ሶፍትዌርም ኢንተርኔትም ነበሩ። ታዲያ ከስቱዲዮ ውጭ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ለማድረስ እስከ 2005 የጠበቁት ለምንድን ነው? ከዚያ በፊት የሞከሩትስ እንዴት ተሳካላቸው? እኛ ኢትዮጵያውያንስ በዚያን ጊዜ የት ነበርን?» እንደ ጠያቂው ሁሉ እኔም ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

መልሱን የምጀምረው በጥያቄው ውስጥ ያለውን አንድ ግምት በማረም ነው፤ የዘመኑ ሠሪዎች 2005ን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። አሜሪካዊው ዴቪድ ብሌር «ዋክስ» የተሰኘ ፊልሙን በ1993 ከኒው ዮርክ በኢንተርኔት ለጥቂት የምርምር ተቋማት አስተላልፏል፤ ምስሉ በሰከንድ ከ2 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ገደማ ባያልፍም ማስተላለፉ ግን እውን ሆኗል። በ1997 ኬቪን ሩቢዮ «ትሩፕስ» የተባለውን፣ በስታር ዋርስ ዓለም ላይ የተመሠረተ አጭር ሥራውን በአድናቂዎች ድረ ገጽ አማካይነት ለቆት ያለ ማንም አከፋፋይ ከአገር አገር ተዳርሷል። ስለዚህ ፈቃዱም ሙያውም ነበሩ። የጎደለው ለእያንዳንዱ ተመልካች የሚላከውን መረጃ ዋጋ የሚከፍል አካል ነው። በእኔ እምነት የ1995 እስከ 2005 የኢንተርኔት ቪዲዮ ታሪክ በመሠረቱ የዚህ ክፍያ ታሪክ ነው፤ የካሜራውና የሶፍትዌሩ ታሪክ ከሥሩ የሚመጣ ነው።

የምርቱን ጎን በአጭሩ ልለፈው፤ ጠያቂው እንዳሉት እዚያ ላይ ዋናው እንቅፋት ቀድሞ ተነስቷል። በ1995 ምስልን በዲጂታል መረጃ መልክ የሚይዘው የዲቪ ካሴት፣ ከእርሱም ጋር እንደ ሶኒ ቪኤክስ 1000 ያሉ ካሜራዎች ለገበያ ቀረቡ። ቀደም ሲል በቪኤችኤስ ወይም በሃይ ኤይት የተቀረጸ ምስል ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ሲቀናበር በየግልባጩ ጥራቱ እየወረደ ይሄድ ነበር። ዲቪ ግን በፋየርዋየር ገመድ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የሚተላለፈው ራሱ ዲጂታል መረጃው ስለሆነ በመገልበጥ ብቻ የሚጎድልበት ነገር የለም። አፕል በ1999 ፋይናል ከት ፕሮ የተባለውን የቅንብር ሶፍትዌር፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ አይሙቪ የተባለ ቀለል ያለ የቅንብር ሶፍትዌር የተጫነበትን አይማክ ዲቪ ኮምፒውተር አወጣ። አንድ ሰዓት ዲቪ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አሮጌው የኤቪአይ ፋይል በነበረው የ2 ጊጋባይት ገደብ ምክንያት በአንድ ፋይል ከ9 ደቂቃ ተኩል ገደማ በላይ ማስገባት አይችሉም ነበር። እነዚህ ችግሮች ግን በትዕግሥትና በተጨማሪ ሃርድ ዲስክ የሚታለፉ ነበሩ።

ትዕግሥት የማይፈታው ችግር የሚጀምረው ፊልሙ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ነው። የዲቪ ምስል በሰከንድ 25 ሜጋቢት መረጃ ይይዛል። በ1998 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት የ56 ኪሎቢት ሞደም ግን በተለመደ የስልክ መስመር ላይ በተግባር የሚያስተላልፈው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ኪሎቢት ነበር። ስለዚህ አንድ ፊልም ተመልካቹ ጋ ሳይቆራረጥ እየደረሰ እንዲታይ ከተፈለገ መረጃው ከ600 እጥፍ በላይ መቀነስ ነበረበት። ቅነሳው ከየት እንደሚመጣ ማስላት ይቻላል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ደረጃ የሚቀርጽ የዲቪ ምስል ወርዱ 720፣ ቁመቱ 480 ፒክስል ሲሆን በዚያን ጊዜ ለሞደም ተመልካች የሚዘጋጀው ምስል ግን ብዙ ጊዜ 160 በ120 ነበር፤ ይህ ብቻውን 18 እጥፍ ይቀንሳል። በሰከንድ 30 ፍሬም የነበረው ወደ 15 ሲወርድ 36 እጥፍ ይሆናል። የቀረውን 17 እጥፍ የሚሆን ቅነሳ መሸከም ያለበት ኮዴኩ፣ ማለትም ምስሉን የሚጨምቀውና መልሶ የሚፈታው ፕሮግራም ነው፤ ያውም ዲቪ ራሱ ከካሜራው ሲወጣ ወደ 5 እጥፍ የተጨመቀ ሆኖ ሳለ። ከዚያች 40 ኪሎቢት ላይ ድምፁም ድርሻውን ይወስዳል።

ይህ ሂሳብ የምሕንድስና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ወደ ቀረጻው ቦታ ድረስ ገብቶ የፊልሙን መልክ ወስኗል። የዘመኑ ኮዴኮች፣ የኩዊክታይሙ ሶረንሰንም ሆነ ሪልቪዲዮ፣ ሙሉ ፍሬም የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች የሚይዙት ካለፈው ፍሬም የተለወጠውን ብቻ ነው። በዚህ አሠራር የማይንቀሳቀስ ግድግዳ ምንም ያህል አያስከፍልም፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅጠል፣ የሚፈስ ውኃ፣ ጭስ፣ የሚተራመስ ሕዝብ፣ በእጅ የተያዘ ካሜራ መንቀጥቀጥ ግን እያንዳንዱ ፒክስል እንዲለወጥ ስለሚያደርጉ ያለችውን ጥቂት መረጃ ይጨርሷታል። አንዱ ምስል ቀስ በቀስ ወደ ሌላው የሚቀልጥበት ሽግግር ከሁሉም የከፋ ነበር። ጨለማ ውስጥ የተቀረጸ ምስልም የሚመስለውን ያህል ቀላል አልነበረም፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው የሚፈጥረውን የሚርመሰመስ ጉድፍ ኮዴኩ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥረዋልና። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ ያስራል፤ ተዋናዩን ወደ ሌንሱ ያቀርባል፤ ከኋላው ባዶ መደብ ያደርጋል፤ መብራት ይጨምራል፤ ትዕይንቱንም በቀጥታ ቆርጦ ይቀይራል። ፊደሎቹም በዚያች ጠባብ ክፈፍ ውስጥ እንዲነበቡ እጅግ ይገዝፉ ነበር። በቪዲዮ ቅየራና በቅርስ ክምችት ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው፣ እነዚህን ሥራዎች ዛሬ አይቶ የጀማሪ ሥራ ናቸው ብሎ የሚያልፍ አስተያየት ያሳስበኛል። ያ ቁጥብነት ከመገናኛው ባሕርይ የተማሩት ዕውቀት ነው፤ ጠያቂውም ሥራዎቹን ሲመረምሩ ቀረጻው ለየትኛው የመስመር ፍጥነት ታስቦ እንደተዘጋጀ አስቀድመው ቢጠይቁ፣ ያለዚያ የማይገቡ ብዙ የአሠራር ውሳኔዎች ይገለጡላቸዋል።

ሥራዎቹ አጭር የሆኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተመልካቹ እየፈሰሰ ከሚታየው የደበዘዘ ምስል ይልቅ ሙሉውን ፋይል አውርዶ ቆይቶ ማየትን ቢመርጥ፣ 5 ሜጋባይት የሆነች የ3 ደቂቃ ፊልም በ40 ኪሎቢት ፍጥነት ለመውረድ 17 ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የቤቱ ስልክ ተይዟል፣ መስመሩ ከተቋረጠም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። በዚህ ላይ የማጫወቻ ሶፍትዌሮች ፉክክር ነበር። ሪልፕሌየር፣ ኩዊክታይምና የዊንዶውስ ሚዲያ ማጫወቻ አንዱ የሌላውን ፋይል በአግባቡ ስለማያጫውት፣ ሠሪው አንዱን ፊልም በሦስት ዓይነትና ለእያንዳንዱም በሁለት ወይም በሦስት የፍጥነት ደረጃ ጨምቆ ማዘጋጀት ነበረበት። በዘመኑ ኮምፒውተር ይህ ሥራ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ፊልሙ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የሚያከራዩ ድርጅቶች ክፍያ የሚጠይቁት ለቦታው ብቻ ሳይሆን ከሰርቨሩ ለሚወጣው መረጃ ጭምር ነበር። 10 ሜጋባይት የሆነ ፊልም 100,000 ጊዜ ቢወርድ የሚወጣው መረጃ 1,000 ጊጋባይት ነው፤ ለአንዱ ጊጋባይት 5 ዶላር ቢታሰብ ሂሳቡ 5,000 ዶላር ይሆናል፣ ይህም ካሜራውን፣ ኮምፒውተሩንና ሶፍትዌሩን በአንድነት ለመግዛት ሊበቃ የሚችል ገንዘብ ነው። በሲኒማ ቤት ተመልካች ሲበዛ ገቢ ይጨምራል፤ በቴሌቪዥን ደግሞ ተመልካች በዛም አነሰም የማሠራጫው ወጪ አይለወጥም። በዚያን ጊዜው ኢንተርኔት ግን ነገሩ የእንግዳው ብዛት ደጋሹን እንደሚያደኸይ ድግስ ነበር። ፊልሙ ከአንድ ታዋቂ ድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ ባገኘ ማግስት የተፈቀደለትን መጠን አልፎ ድረ ገጹ ይዘጋል፣ አለዚያም ባለቤቱ ያላሰበው ሂሳብ ይመጣበታል። ወጣቶች ያለ በጀት የሠሩት ሥራ ባልተጠበቀ ሁኔታ ተወዳጅ በመሆኑ ብቻ ከኢንተርኔት መነሳቱ ያሳዝነኛል፤ ከጠፉት መካከል ጥሩዎቹ በርካታ እንደሚሆኑ የማምነውም ለዚህ ነው፤ መዘጋት የሚያሰጋው የተወደደውን ነበርና።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆነው መጀመሪያ የመጡት በባለሀብቶች ገንዘብ የቆሙት የአጫጭር ፊልም ድረ ገጾች ናቸው። አይፊልም በ1997 ተመሠረተ፤ አቶምፊልምስ ደግሞ በ1998 በሲያትል ተመሠረተ። ሠሪው ፊልሙን ያስረክባል፣ እነርሱ የሰርቨሩን ወጪ ይሸከማሉ። ከዚህ ዘመን በምሳሌነት የሚጠቀሰው «405» የተባለው ፊልም ነው። ብሩስ ብራኒትና ጄረሚ ሀንት የተባሉ ሁለት የልዩ ምስል ባለሙያዎች አንድ ትልቅ አውሮፕላን በሎስ አንጀለስ አውራ ጎዳና ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ የ3 ደቂቃ ገደማ ፊልም በ300 ዶላር ያህል ወጪ ሠርተው በ2000 በአይፊልም ላይ አወጡት፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜም ታየ። ይህ ፊልም ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የ300 ዶላሩ ወሬ ነው። እኔ የማስተውለው ግን ሌላውን ወጪ ነው፤ ፊልሙን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የማድረሱን ሂሳብ ሁለቱ ሰዎች ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ቢገደዱ ኖሮ ታሪኩ በመጀመሪያው ሳምንት ያበቃ ነበር። ሂሳቡን የሸፈነው የአክሲዮን ገበያው ግለት ነው። ያ ግለት በ2000 ሲበርድ ዲጂታል ኢንተርቴይንመንት ኔትወርክ የተባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ተዘጋ፤ ሱዶ የተባለው የኒው ዮርክ የኢንተርኔት ጣቢያም እንዲሁ፤ የፊልም ኩባንያዎቹ ድሪምወርክስና ኢማጅን በጋራ ያቋቋሙት ፖፕ ዶት ኮም ደግሞ ሥራ ሳይጀምር ቀረ። አቶምፊልምስ ሾክዌቭ ከተባለው የመዝናኛ ድረ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ተረፈ። አቶምፊልምስ ከድረ ገጹ ጎን ለጎን አጫጭር ፊልሞቹን ለአየር መንገዶችና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያከራይ እንደነበር ልብ ይሏል፤ ይህ በራሱ የድረ ገጹ ተመልካች ብቻውን ሥራውን ሊያኖር እንዳልቻለ ያሳያል።

ከውድቀቱ በኋላ የመጡት ዓመታት፣ ከ2001 እስከ 2005 ያሉት፣ በታሪክ ጽሑፎች ላይ በጥቂት መስመር የሚታለፉ ናቸው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የላቀ ብልሃት የታየባቸው ናቸው፤ ሠሪዎቹ ባለሀብት ሳይጠብቁ ሂሳቡን ራሳቸው ለመፍታት ተገደዋልና። ከጆርጂያ ግዛት ከአትላንታ የተነሱት ወንድማማቾቹ ማይክና ማት ቻፕማን «ሆምስታር ራነር» የተባለውን ተከታታይ የካርቱን ሥራ በፍላሽ ሠሩ። ፍላሽ የሚልከው የፒክስል ምስል ሳይሆን ቅርጹ እንዴት እንደሚሳል የሚነግር መመሪያ ስለሆነ ብዙ ደቂቃ የሚፈጀው ክፍል ከተመሳሳይ ቪዲዮ እጅግ ባነሰ ፋይል ይደርሳል፤ የቀረውን ወጪ ደግሞ ማስታወቂያ ሳያስገቡ ካናቴራና ዲቪዲ በመሸጥ ሸፈኑት። በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ሩስተር ቲዝ የተባለው ቡድን «ሬድ ቨርሰስ ብሉ» የተሰኘውን ተከታታይ ሥራ ከኤፕሪል 1፣ 2003 ጀምሮ ሲያወጣ መቅረጫ ቦታው «ሄሎ» የተባለው የኤክስቦክስ ጨዋታ ራሱ ነበር፤ ገንዘቡ ደግሞ ከዲቪዲ ሽያጭና ከደጋፊ አባላት መዋጮ ይመጣ ነበር። በሁለቱም ዘንድ የሚታየው ነገር አንድ ነው፤ በነፃ የሚታየው ፊልም በገንዘብ ለሚሸጠው ዕቃ ገዢ ያመጣል፣ ሽያጩም የሰርቨሩን ሂሳብ ይከፍላል። ተመልካቹን የሚያውቀውና የሚያስተናግደው ማንም ሳይሆን ሠሪው ራሱ ነበር።

ሌላው መንገድ ወጪውን ለተመልካቹ ማካፈል ነው። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት ፋይሉን እያወረደ ያለ ሰው ሁሉ ያገኘውን ቁራጭ ለሌላው እንዲያቀብል ስለሚያደርግ፣ ፈላጊ ሲበዛ አቀባዩም አብሮ ይበዛል። ይህ ዘዴ ለተሰረቁ ፊልሞች ብቻ የዋለ የሚመስላቸው አሉ፤ ለራሱ ባለቤት ያገለገለበትን ጉዳይ ግን ጠያቂው በጥናታቸው እንዲያካትቱት አጥብቄ እመክራለሁ። ፊንላንዳዊው ሳሙሊ ቶርሶነንና ጓደኞቹ በታምፔሬ ከተማ በመኖሪያ ቤት ውስጥ በዘረጉት ሰማያዊ መደብ ፊት ለሰባት ዓመት ያህል የደከሙበትን «ስታር ሬክ» የተሰኘ ሙሉ ፊልም ኦክቶበር 1፣ 2005 ሌሎች እንዲያዳርሱት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ለቀቁት። ቢትቶረንት ባይኖር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ ፊልም በጥሩ ጥራት በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው ማድረስ ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች የሚታሰብ አልነበረም። እነርሱም ዲቪዲውን በራሳቸው ድረ ገጽ ሸጠዋል።

እንግዲህ በዚያው ዓመት የተመሠረተው ዩቲዩብ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ምስሉ 320 በ240 ስለነበር በጥራት ከቀደሙት አይበልጥም። አዲሱ ነገር ሦስት ጉዳዮችን በአንድ ማጣመሩ ነው፤ ሠሪው የያዘውን ማንኛውንም ፋይል ተቀብሎ ራሱ ይቀይረዋል፣ በአብዛኛው ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ በተጫነው የፍላሽ ማጫወቻ ያሳየዋል፣ ለተላከው መረጃም ሠሪውን ምንም አይጠይቅም። ቪዲዮውን በሌላ ድረ ገጽ ላይ ለመትከል የሚያስችለው አጭር ኮድ ደግሞ ያለ ተጨማሪ ወጪ በየቦታው እንዲታይ አደረገው። የመጀመሪያው ቪዲዮ ኤፕሪል 23፣ 2005 ተጫነ፤ በኦክቶበር 2006 ጉግል ኩባንያውን በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ባለው አክሲዮን ለመግዛት ተስማማ። ገዢው ያን ያህል አቅም ያለው ባይሆን ኖሮ ያ የነፃ አገልግሎት በቀድሞዎቹ ድረ ገጾች ላይ ከደረሰው ዕጣ ማምለጡ ያጠራጥረኛል። ሠሪዎች በለውጡ የሰጡትም ነገር አለ። ከ2006 ጀምሮ ለአብዛኛው ሰው የተጣለው የ10 ደቂቃ ገደብ የረጅም ሥራዎችን በር ለዓመታት አጠበበ፤ ከማስታወቂያ ገቢ ድርሻ የሚያገኙ አጋሮች የተመረጡትም ከ2007 ወዲህ ነው። ከሁሉ በላይ ተመልካቹ የድረ ገጹ ደንበኛ ሆነ፤ ካናቴራና ዲቪዲ በመሸጥ ራሱን ያስተዳድር የነበረው ሠሪ ከተመልካቹ ጋር የነበረው ቀጥተኛ ግንኙነት ወደ ሌላ እጅ አለፈ። የሰርቨር ሂሳብ ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ሂሳቡን የሚከፍል ምን እንደሚታይ የመወሰን ሥልጣን ማግኘቱ አይቀርም፤ የዛሬ ሠሪዎች ስለ ገቢና ስለ መታየት የሚያነሱት ቅሬታ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ስለ ኢትዮጵያውያን የተጠየቀውን በአንድ ቁጥር ማስረዳት ይቻላል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ የተሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ውጭ የሚዳረሱት በካሴትና በቪሲዲ ነበር። አንድ የቪሲዲ ዲስክ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ያንን በ40 ኪሎቢት የስልክ መስመር ማስተላለፍ ያለ ማቋረጥ 39 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፣ አንድ ሙሉ ፊልም ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ዲስክ ነበር። በመንገደኛ ሻንጣ የሄደ ዲስክ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ቀድሞ ይደርሳል። በአገር ቤት ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበው በ1997 ሲሆን በአብዛኛው በስልክ መስመርና በኢንተርኔት ካፌ የሚገኝ ስለነበር ፊልም መላክም መቀበልም ከአቅም በላይ ነበር። በዚህ ላይ የፊደላችን ጉዳይ ነበረ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ደረጃ፣ ውስጥ የተካተተው በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ የአማርኛ ቅርጸ ፊደል ይዞ የመጣው ቪስታ ከተባለው ዕትሙ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ርዕሶች በላቲን ፊደል እየተጻፉ፣ አንዱ ፊልም በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ይታወቅ ነበር። ጠያቂው በፍለጋ ጊዜ ይህን ያስቡበት፤ አንድን ርዕስ በሁሉም ሊሆን በሚችል የላቲን አጻጻፍ ሳይሞክሩ የለም ብለው አይደምድሙ።

ስለ ምንጮች ፍለጋም ጥቂት ልጨምር። የኢንተርኔት አርካይቭ ክምችት የቆዩ ገጾችን ቢያስቀምጥም፣ እየፈሰሰ ይታይ የነበረው ቪዲዮ በተለየ የመላላኪያ ሥርዓት ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ጋር አልተቀመጠም። ስሙ በ.ram የሚያልቅ የሪልፕሌየር ፋይል ቢያገኙ ፊልሙን አገኘሁ አይበሉ፤ ውስጡ ያለው የፊልሙ አድራሻ ብቻ ነው፣ የሚያመለክተው ሰርቨርም ከተዘጋ ቆይቷል። ቪዲዮውን ራሱን የያዘው የሪልሚዲያ ፋይል ከተገኘ ግን በቪኤልሲ ማጫወቻ ይከፈታል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቅየራ ፕሮግራምም ይቀየራል። አዶቢ በ2020 መጨረሻ የተወውን ፍላሽ በተመለከተ ሩፍል የተባለው ፕሮግራም ብዙዎቹን ሥራዎች ያጫውታል። ሠሪዎቹን ሲያነጋግሩ የሚኒ ዲቪ ካሴቱ ይኑር አይኑር ይጠይቁ፤ ከተገኘም ፋየርዋየር ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አገናኝተው የዲቪውን መረጃ ሌላ ኮዴክ ሳይነካው እንዳለ ይቅዱት፣ የተቀረጸበት ቀንና ሰዓት በውስጡ አብሮ ይተርፋልና። ካሴቱ ተገኘ ብለው ግን የ160 በ120ውን ቅጂ እንዳይጥሉት። ሕዝቡ ያየው ያንን ነው፤ ስለ ዘመኑ ተመልካች የሚጻፍ ጥናት ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ ምስሉ ሳይታደስና ሳይጎላ፣ ማስቀመጥ ይኖርበታል።